ወቃሾቹ ሙታን
ሙኒር ቾውድሪ በእስር ቤት ስለጻፈው «መቃብር»ና ስለ ቤንጋሎች የነጻነት ዓላማ

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን ስለ ባንግላዴሽ ሲጽፍ የአንድን ሕዝብ የሃያ አራት ዓመት ትግል በሁለት መስመር ቋጭቶት ነበር። ቤንጋሎች የታገሉት ለቋንቋቸው ነው፤ ቋንቋቸው በ1956 በሕገ መንግሥት ከታወቀ በኋላ የቀጠለው ሁሉ የሹማምንት የወንበር ሽሚያ ነው ይላል። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ በምግብ አዳራሽም በመኝታ ክፍልም ስንከራከርበት ሰነበትን። በክርክሩ መካከል አንዲት እህታችን ደግሞ ሌላ ነገር ጣል አደረገች። «የዚያን ትግል ሥነ ጽሑፍ አይቼዋለሁ፤ መፈክር ነው እንጂ ጥበብ አይደለም» አለች።

እኛ ሁለቱንም አስተያየት አክብረን ሁለቱንም እንቃወማለን። በባዶ ሜዳ መቃወም ዋጋ ስለሌለው ግን አንድ ሥራ መረጥንና ተሰብስበን በእንግሊዝኛ ትርጉሙ ደጋግመን አነበብነው። ሥራው ሙኒር ቾውድሪ በ1953 የጻፈው «ኮቦር» የተባለ ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ነው። ትርጉሙ «መቃብር» ማለት ነው። ቃሉ ወደ ቤንጋሊ የገባው ከዐረብኛው «ቀብር» ስለሆነ ለእኛም ጆሮ ባዳ አይደለም። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. የአንድ ሌሊት ቀብር

ተውኔቱ የተነሣው እውነት ከሆነ አንድ ሌሊት ነው። ሌሊቱን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

እንግሊዝ በ1947 ሕንድን ለቃ ስትወጣ ፓኪስታን የምትባለው አገር ገና ስትወለድ ለሁለት የተከፈለች ነበረች። በምዕራቡና በምሥራቁ ክፍል መካከል 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል የሕንድ መሬት ተጋድሟል። ሁለቱን ያስተሳሰራቸው ሃይማኖት ነው። ከጠቅላላው ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው በምሥራቅ የሚኖር ቤንጋሊ ተናጋሪ ሲሆን፣ አፉን በኡርዱ የፈታ ሰው ግን ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም ነበር። እንዲህም ሆኖ፣ በፌብሩዋሪ 1948 ዲሬንድራናት ዳታ የሚባል የምክር ቤት አባል ቤንጋሊም የጉባኤው ቋንቋ ይሁን ብሎ ቢጠይቅ ሐሳቡ ውድቅ ሆነ። በተከታዩ ወር የአገሪቱ መሥራች መሐመድ አሊ ጂናህ ዳካ ድረስ መጣና የመንግሥቱ ቋንቋ ኡርዱ፣ ኡርዱ ብቻ መሆኑን ተናገረ። በዳካ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ በዓል ላይ ይህንኑ ሲደግመው ተማሪዎቹ እዚያው አዳራሽ ውስጥ «አይሆንም!» ብለው ጮኹበት። ቤንጋሊን በዐረብ ፊደል እናስጽፈው የሚል ውጥንም በመንግሥት በኩል ተሞክሯል። ፊደል ሲነካ ምን እንደሚሰማ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

በጃንዋሪ 1952 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካዋጃ ናዚሙዲን የጂናህን ቃል እንደገና አነሣው። ተማሪዎች ለፌብሩዋሪ 21 ሰልፍ ጠሩ። ዋዜማው ላይ መሰብሰብ በዐዋጅ ተከለከለ። በማግስቱ ጠዋት ተማሪዎቹ በዩኒቨርሲቲው ግቢ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው ክልከላውን ለመጣስ ወሰኑ። ሴት ተማሪዎችም ከመካከላቸው ነበሩ። ከሰዓት በኋላ በሕክምና ኮሌጁ መኝታ ቤት አካባቢ ፖሊስ ተኮሰ።

የወደቁት እነማን ናቸው? አቡል ባርካት የፖለቲካ ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። ራፊቁዲን አህመድ የማተሚያ ቤት ባለቤት ልጅ ነው። አብዱል ጃባር ታማሚ አማቱን ለማሳከም ከገጠር ወደ ዳካ የመጣ ሰው ነው። አብዱስ ሰላም የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ሲሆን፣ ቆስሎ ከቆየ በኋላ በኤፕሪል አረፈ። በማግስቱ በተደረገው ተኩስ የሞተው ሻፊኡር ራህማን ደግሞ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ይህን ዝርዝር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ፖሊስ የሟቾችን ሬሳ በሌሊት ወስዶ በአዚምፑር መካነ መቃብር ቀበረ። ዘመድ አልተጠራም፣ ለቅሶ አልተደረሰም፣ እርም አልወጣም። በእኛም አገር ቢሆን እርሙን ያላወጣ ሰው ልቡ እንደማያርፍ እናውቃለን። ተውኔቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

፪. በፋኖስ ብርሃን የተወለደ ተውኔት

ሙኒር ቾውድሪ ያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የዳካ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ተኩሱን በመቃወሙ ታሰረ። በዳካ ማዕከላዊ እስር ቤት ሳለ፣ በሌላ ክፍል የታሰረው ጋዜጠኛና የግራ ክንፍ ታጋይ ራነሽ ዳስጉፕታ በድብቅ መልእክት ላከለት። እስረኞች የሰማዕታቱን ሙት ዓመት በተውኔት ሊዘክሩ ይፈልጋሉና አንድ ነገር ጻፍልን፤ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ በፋኖስ ልንጫወተው የምንችል ይሁን አለው።

እስቲ አስቡት። መጋረጃ የለ፣ አልባሳት የለ፣ ሴት ተዋናይ የለ። ያለው ጨለማ፣ ጥቂት ፋኖስና ዘበኛ ነው። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን በችግሩ ያማርር ነበር። ሙኒር ግን ታሪኩን በሌሊት መካነ መቃብር ውስጥ አስቀመጠና ጨለማውን ራሱን መድረክ አደረገው። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1953 ማታ እስረኞቹ ተጫወቱት። የተውኔቱ መቼት ከእስር ቤቱ ሌሊት ጋር አንድ ሆነ ማለት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። አንድ የፖለቲካ መሪና ሃፊዝ የሚባል የፖሊስ ሹም በመካነ መቃብሩ ውስጥ ተቀምጠው ይጠጣሉ። ቀን በጥይት የወደቁት ሰዎች ሬሳ ሳይነጋ አፈር መልበስ አለበት። መሪው ስም የለውም፤ «መሪ» ብቻ ነው የሚባለው። በዚህ መካከል ሙርዳ ፈቂር የተባለ፣ በእኛ አነጋገር «የሬሳው ባሕታዊ» ልንለው የምንችል፣ አእምሮው የተነካ ሰው ብቅ ይላል። በ1943ቱ የቤንጋል ረኀብ ቤተሰቡን አጥቶ፣ በወጉ ሊቀብራቸው እንኳ ሳይችል ቀርቶ፣ ከዚያ ወዲህ መቃብር ለመቃብር የሚኖር ነው። ለእሱ አፍንጫ ሬሳ ሬሳ የሚሸቱት ሕያዋኑ ሹማምንት ናቸው። እነዚያ የተገደሉት ግን በሕይወት እንዳሉ ነው የሚያውቀው። ቀጥሎ ሙታኑ ራሳቸው ይነሡና መቃብር አንገባም ይላሉ። መሪው ያባብላቸዋል፣ ይቆጣቸዋል፣ ይለምናቸዋል። ሞታችኋል እኮ፣ የሞተ ሰው ወጉ መተኛት ነው ዓይነት ክርክር ይገጥማቸዋል። እነሱ ግን ወይ ፍንክች!

ሁለቱ ሰዎች ሲጠጡ ስላመሹ ያዩት ሁሉ የስካር ቅዠት ሊሆን ይችላል። ደራሲው ይህን በር ሆን ብሎ ክፍት ትቶታል።

፫. መፈክር ነውን?

አሁን ወደ እህታችን ትችት እንምጣ። መፈክር የሚባለው ጽሑፍ በአንድ ምልክት ይታወቃል፦ ጸሐፊው ተመልካቹ የሚያውቀውን ነገር መልሶ ይጮህለታል። በ«መቃብር» ውስጥ ስለ ቤንጋሊ ቋንቋ ውበት የሚሰብክ አንድም ገጸ ባሕርይ አላገኘንም። እስረኞቹ ተመልካቾች እንዲያ ያለ ስብከት ቢሰሙ ባጨበጨቡ ነበር። ሙኒር ይህን ቀላል ጭብጨባ ትቶ መድረኩን ለገዳዮቹ ሰጣቸው። የምንሰማው የእነሱን ወሬ፣ የእነሱን ቀልድ፣ የእነሱን ችኮላ ነው። መሪውም ቀንድ ያለው ሰይጣን ተደርጎ አልተሣለም። በየቢሮው የምናውቀው፣ ሥራው ቶሎ አልቆለት ቤቱ ገብቶ መተኛት የሚፈልግ ሰው ነው። አስፈሪነቱም ከዚህ ይመጣል። እየሳቅን እናነብና ድንገት የሳቅንበት ነገር ሬሳ መሆኑ ትዝ ይለናል።

ሁለተኛው ነገር የሙታኑ ጉዳይ ነው። እኛ በሌለ ሰው ላይ ነቀፋ ልንሰነዝር ስንል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብለን ነው የምንጀምረው። ሙት አፍ ስለሌለው እሱን መውቀስ ነውር ነው። ሙኒር ይህን ሥርዓት ገለበጠው። በእሱ ተውኔት ወቃሹ ሙቱ ነው፤ መልስ ያጣው ደግሞ ሕያው ሹም ነው። ለገዢ ከዚህ የባሰ ነገር የለም። ሕያው ተቃዋሚ ይታሰራል፣ ይገዛል፣ ይሾማል፣ ይገደላል። የሞተን ሰው ግን ሁለተኛ ምን ታደርገዋለህ?

ሦስተኛውና ለእኛ ትልቁ ነገር ፈቂሩ ነው። አንዳንዶቻችን መጀመሪያ ስናነብ «ይሄ እብድ እዚህ ምን ይሠራል?» ብለን ነበር። ተውኔቱ የ1952 ነው፤ እሱ ይዞት የሚዞረው ሐዘን ግን የ1943 ነው። በዚያ ረኀብ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ አልቋል። ያን ጊዜ ፓኪስታን የምትባል አገር አልነበረችም፤ ገዢው እንግሊዝ ነው። የፈቂሩ ቤተሰቦች ስለ ኡርዱና ቤንጋሊ ክርክር የሚያውቁት አንዳች ነገር የለም፤ የሞቱት ሩዝ አጥተው ነው። ታዲያ ደራሲው በጥይት የሞቱትንና በረኀብ የሞቱትን ለምን አንድ መሬት ላይ አገናኛቸው? ሁለቱንም የገደላቸው አንድ ሐሳብ ስለሆነ ነው እንላለን። ያ ሐሳብ «እነዚህ ሰዎች አይቆጠሩም» የሚለው ነው። አፉን የተከለከለውና እንጀራውን የተከለከለው ሰው በዚህ መካነ መቃብር ጎን ለጎን ናቸው።

ተውኔቱ ግን እንከን የለውም አንልም። አንደኛ፣ ሙታኑ ከሹማምንቱ ይልቅ ሥጋ የላቸውም። ከላይ የዘረዘርናቸው እውነተኛ ሰዎች፣ ተላላኪው፣ አማቱን ሊያሳክም የመጣው የገጠር ሰው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ተውኔት ይወጣቸዋል። በመድረኩ ላይ የሚነሡት ሙታን ግን ከሰውነት ይልቅ ወደ ምሳሌነት ያዘነብላሉ። ሁለተኛ፣ ሴት የለችበትም። እስር ቤት ስለሆነ ነው ቢባል ምክንያቱ ይገባናል፤ ዳሩ ግን የሰልፉን ክልከላ ከጣሱት መካከል ሴቶች ነበሩና ጉድለቱ ጉድለት ነው። ሦስተኛ፣ አሜሪካዊው ኧርዊን ሾው በ1936 ሬሳቸው አንቀበርም የሚል ወታደሮች ያሉበት ተውኔት ጽፎ ስለነበር የሁለቱ ተመሳሳይነት በሐያስያን ዘንድ ሲነሣ ኖሯል። ይህ ግን እኛን ብዙ አያስጨንቀንም። የሾው ወታደሮች የሞቱት ስምና አገር በሌለው የወደፊት ጦርነት ነው፤ የሚቆጫቸውም ያልኖሩት ዕድሜ ነው። የሙኒር ሙታን አድራሻ አላቸው። ተመልካቹ የሞቱበትን ቀን፣ የወደቁበትን መንገድ፣ የተቀበሩበትን ሰፈር ያውቃል። ሐሳብ መበደር ነውር አይደለም፤ የተበደሩትን ሥራ ላይ አለማዋል ነው ነውሩ።

ስለ ስካሩም አንድ ነገር እንበል። አንዳንዶች የቅዠቱን በር እንደ ድክመት ያዩታል፤ ደራሲው ፈርቶ ማምለጫ አበጀ ይላሉ። እኛ እንደዚያ አልታየንም። ቅዠት ከሆነም የሹማምንቱ ቅዠት ነው። ገዳይ በሕልሙ የገደለውን ካየ፣ ሙቱ ቢያንስ አንድ ቦታ ተነሥቷል ማለት ነው።

፬. ቋንቋው ከታወቀ በኋላ

አሁን ደግሞ ለወንድማችን መልስ እንስጥ። በ1954 በምሥራቁ ክፍል በተደረገው ምርጫ የተባበረው ግንባር 21 ነጥብ ያለው ፕሮግራም ይዞ ገዢውን ሙስሊም ሊግ ጠራርጎ አሸነፈ። ነጥቦቹ 21 የሆኑት ለፌብሩዋሪ 21 መታሰቢያ ነው፤ የመጀመሪያው ነጥብም ቋንቋው ነበር። በ1956 ሕገ መንግሥት ቤንጋሊ ከኡርዱ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። ነገሩ የቋንቋ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ለምን አላበቃም?

መጀመሪያ ነገር፣ ቋንቋው ታወቀ እንጂ ተናጋሪው አልታወቀም። የአገሪቱ ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ጆንያ የሚሠራበት የምሥራቅ ቤንጋል ጁት ነበር። ገንዘቡ ግን በአብዛኛው የሚውለው በምዕራቡ ክፍል ላይ ነው። በጦር ሠራዊቱና በከፍተኛው የመንግሥት ሥራ ቤንጋሎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። በ1958 ጄኔራል አዩብ ካን ሥልጣን ሲይዝ የይስሙላውም ፓርላማ ቀረ። የሼክ ሙጂቡር ራህማን ባለ ስድስት ነጥብ ጥያቄ በ1966 ሲቀርብ ስለ ግብር፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ የሚናገረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ የወንበር ሽሚያ ከሆነ የትኛው ጥያቄ ሽሚያ ያልሆነ ነው?

ቋንቋውም ቢሆን በወረቀት ታወቀ ተብሎ በሰላም አልተተወም። በ1967 የማስታወቂያ ሚኒስትሩ የራቢንድራናት ታጎር ዘፈኖች በሬዲዮ እንዳይተላለፉ ለመከልከል ተነሣ። ታጎር ሂንዱ ነውና ለፓኪስታን ባህል ባዳ ነው ተባለ። ቤንጋሎች ግን የራሳችንን ባለቅኔ በሃይማኖቱ አንመዝነውም አሉ። እዚህ ላይ የማንነታቸው ጥያቄ መልክ ያዘ። ሙስሊም መሆናቸውን አልካዱም፤ ሙስሊምነት የሰውን ሙሉ ማንነት ይውጣ የሚለውን ነው የተቃወሙት። የእኛው ሙኒርም ከእስር ከተፈታ በኋላ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1965 ለቤንጋሊ ፊደል የሚስማማ የጽሕፈት መኪና የፊደል አደራደር አዘጋጀ፤ በስሙም ሙኒር ኦፕቲማ ተባለ። እንደ እኛ ፊደሉ ብዙ የሆነ ሕዝብ ይህ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ይገባዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይጠልቃል። ቋንቋ ብቻውን አገር የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ዳካና ካልካታ አንድ መንግሥት በሆኑ ነበር። ሁለቱም ቤንጋሊ ይናገራሉ፤ ሁለቱም ታጎርንና ካዚ ናዝሩል ኢስላምን ያነባሉ። ኋላ የባንግላዴሽ ብሔራዊ መዝሙር የሆነው የታጎር ዘፈን እንኳ የተጻፈው እንግሊዞች በ1905 ቤንጋልን ለሁለት መክፈላቸውን ለመቃወም ነው። ለአንድነት የተጻፈ ዘፈን የግማሹ ቤንጋል መዝሙር ሆነ! ሰማዕቱ ባርካት ራሱ የተወለደው ዛሬ በሕንድ ግዛት ባለው በሙርሺዳባድ ነው። እንግዲህ የምሥራቅ ቤንጋልን ሕዝብ አንድ ያደረገው የጋራ ቋንቋና የጋራ በደል፣ ከሁለቱም ጋር ደግሞ የጋራ ዓላማ ነው።

ዓላማውን በ1971 ራሳቸው ጽፈውታል። በኖቬምበር 1970 በባሕር ወሽመጡ የተነሣው አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300 ሺህ ሕዝብ ሲፈጅ መንግሥት እርዳታ አዘገየ ተብሎ ተወቀሰ። በተከታዩ ወር ምርጫ የሙጂብ አዋሚ ሊግ በምሥራቅ ካሉት 162 የምርጫ ወረዳዎች 160ውን አሸነፈ፤ ሴቶች የተመደቡበት መቀመጫ ሲጨመር ከ313 መቀመጫዎች 167ቱን ያዘ። ይህ ግልጽ አብላጫ ነው። ጄኔራሎቹ ግን ምክር ቤቱን ሳይጠሩ ቀሩና በማርች 25 ሌሊት ጦር አዘመቱ። ከመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች አንዱ የዳካ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መኖሪያ ነበር። ኤፕሪል 10 የወጣው የነጻነት ዐዋጅ ሦስት ነገሮችን ዓላማው አድርጎ አስቀመጠ፦ እኩልነት፣ ሰብአዊ ክብርና ማኅበራዊ ፍትሕ። ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱም ቋንቋ አይደለም፤ ሦስቱም ግን ከፌብሩዋሪ 21 የመጡ ናቸው። ያን ቀን ተማሪና ተላላኪ፣ ጸሐፊና የገጠር ሰው በአንድ ጥይት ሲወድቁ ጥያቄው ከፊደል አልፎ ነበር።

ዘጠኝ ወር የፈጀው ጦርነት በዲሴምበር 16 አበቃ። ወደ አሥር ሚሊዮን ሕዝብ ወደ ሕንድ ተሰደደ። ባንግላዴሽ የሟቾቿን ቁጥር ሦስት ሚሊዮን ትላለች፤ ከዚህ በታች የሚገምቱ አጥኚዎችም አሉ። በ1948 ቤንጋሊ የጉባኤው ቋንቋ ይሁን ያለው አዛውንት ዲሬንድራናት ዳታ በጦሩ ተይዞ ተገደለ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዲሴምበር 14፣ አል ባድር የተባለው የፓኪስታን ጦር ተባባሪ ቡድን ምሁራንን ከየቤታቸው እየለቀመ ወሰደ። ከተወሰዱት አንዱ ሙኒር ቾውድሪ ነበር። ሬሳው አልተገኘም። «መቃብር»ን የጻፈው ሰው መቃብር የለውም።

፭. የድል ማግስት

እዚህ ላይ ብናቆም ጽሑፋችን ያምር ነበር። ነገር ግን የሙኒር ተውኔት አንባቢውን በቀላሉ አይለቅም። ሙታኑ ከ1971 በኋላ ቢነሡስ ማንን ይወቅሱ ነበር?

የ1972 ሕገ መንግሥት ብሔርተኝነትን፣ ሶሻሊዝምን፣ ዴሞክራሲንና ከሃይማኖት ገለልተኛ መሆንን አራት ምሰሶ አደረገ። በዚያው ሰነድ የአገሪቱ ዜጎች «ቤንጋሊ» ተብለው ይጠራሉ ተባለ። በጉባኤው ውስጥ የነበረው የቺታጎንግ ተራሮች ተወካይ ማናቤንድራ ናራያን ላርማ ተነሥቶ እኔ ቻክማ ነኝ፣ አባቶቼም ቤንጋሊ ነን ብለው አያውቁም ሲል ተቃወመ። ሰሚ ሲያጣ ስብሰባውን ረግጦ ወጣ። ኧረ ተው ያሰኛል! ኡርዱ ብቻ ባሉት ጊዜ «አይሆንም» ብሎ የጮኸው ትውልድ ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው ለሌላው ሕዝብ ያንኑ ነገር አደረገ። በተራሮቹ ላይ የተነሣው ግጭት እስከ 1997ቱ ስምምነት ዘለቀ። በጦርነቱ ጊዜ ለብዙ ግድያ የተዳረጉት ኡርዱ ተናጋሪዎችም በየሰፈሩ ካምፕ አገር አልባ ሆነው ኖረው ዜግነታቸው በፍርድ ቤት የተረጋገጠላቸው በ2008 ነው። በጦርነቱ የተደፈሩት ሴቶች «ጀግኒት» የሚል ስም ወዲያው ቢሰጣቸውም እንደ ነጻነት ታጋይ በመንግሥት መዝገብ መግባት የጀመሩት በ2015 ነው። ከተውኔቱ የጎደለችው ሴት ከታሪኩም ጎድላ ቆይታለች።

ፈቂሩስ? በ1974 ባንግላዴሽ ተራበች። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 27 ሺህ ያህል ሲል አጥኚዎች ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርጉታል። አሁን እንግሊዝም የለ፣ ኢስላማባድም የለ። በተከታዩ ዓመት አገሪቱ በአንድ ፓርቲ ሥርዓት ሥር ወደቀች፤ በኦገስት ደግሞ ሙጂብ ከአብዛኛው ቤተሰቡ ጋር በወታደሮች ተገደለ። ቀጥሎ የመጡት ጄኔራሎች ከሃይማኖት ገለልተኛነትን ሰርዘው በ1988 እስልምናን የመንግሥት ሃይማኖት አደረጉ። በ2011 ገለልተኛነቱ ቢመለስም የመንግሥት ሃይማኖቱ አልተነሣም።

በ2024 ደግሞ ዓለም ሁሉ ያየው ነገር ሆነ። ከመንግሥት ሥራ 30 በመቶው ለነጻነት ታጋዮች ዘሮች ይመደብ የሚለው ኮታ ተማሪዎችን አደባባይ አወጣ። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች በዚያ ሰሞን እስከ 1,400 ሰው ሳይሞት እንዳልቀረ ገምተዋል። ኦገስት 5 ቀን የሙጂብ ልጅ ሼክ ሐሲና አገር ጥላ ወጣች። ተማሪዎቹ የ1971ን ሙታን ክደው አልነበረም አደባባይ የወጡት፤ ሙታኑ የአንድ ወገን ርስት መሆናቸውን ነው የተቃወሙት። ሰማዕትን ለወንበር መደገፊያ ማድረግም እኮ ሁለተኛ ቀብር ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። የቤንጋሎች ማንነት በቋንቋ ተጀመረ፤ ያቆመው ግን «እኛም እንቆጠራለን» የሚለው ዓላማ ነው። «መቃብር» የሚያነበብ ሥራ ሆኖ የኖረው ይህን ዓላማ ከቋንቋው ለይቶ ስላሳየን ነው። በተውኔቱ መመዘኛ ለመመዘን ቤንጋሊ መናገር አያስፈልግም። አንድ ሥርዓት በችኮላና በሌሊት የሚቀብረው ሰው ካለ፣ ያ ሥርዓት በምንም ቋንቋ ቢናገር መሪውና ሃፊዝ ናቸው። ዩኔስኮ በ1999 ፌብሩዋሪ 21ን የዓለም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ ሰይሞታል። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገር የምንኖር ተማሪዎች ቀኑ ሲመጣ ስለ ቋንቋችን ውበት ብቻ ተነጋግረን ባንበተን ጥሩ ነው። የጎረቤታችን ቋንቋ በዚያ ቀን የት እንዳለ እንጠይቅ።

ወንድማችን አሁንም በሐሳቡ ከጸና በሚቀጥለው እትም ይመልስልን። እህታችን ደግሞ መጽሐፉን ከእኛ መዋስ ትችላለች፤ ሌሊት ብታነበው ይሻላል። ክርክሩ ይቀጥል።